ፈሊጥን ከዐውዱ መፍታት፦ ለልቦለድ አንባቢና ለአማርኛ መምህር

ልቦለድ እያነበብን የማናውቀው ቃል ሲያጋጥመን ቢያንስ አለማወቃችን ይታወቀናል፤ ቆም እንላለን፣ እንጠይቃለን። ፈሊጥ ይህን ዕድል አይሰጥም። «እጅ»ንም ሆነ «ነሳ»ን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ሆኖም «በር ላይ ቆማ እጅ ነሳች» የሚል ዓረፍተ ነገር ያነበበ ወጣት «ሰላም አልል አለች» ብሎ ተረድቶ፣ ትርጉሙን ገልብጦ፣ መሳሳቱንም ሳያውቅ ሊያልፍ ይችላል። ሴትዮዋ ያደረገችው ግን ጎንበስ ብላ በአክብሮት ሰላምታ መስጠት ነው።

በንባብ ጥናት ውስጥ ደጋግሞ የሚጠቀስ አንድ ቁጥር አለ። ማርሴላ ሁ እና ፖል ኔሽን በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የእንግሊዝኛ ልቦለድ የሚያነብ ሰው ያለ ረዳት በቂ ግንዛቤ እንዲያገኝ ከቃላቱ 98 ከመቶ ያህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልገው አመልክተዋል። ከ50 ቃል አንዱ ብቻ እንግዳ ሲሆን ማለት ነው። ፈሊጥ ይህን ስሌት ያፋልሰዋል። ክፍሎቹ አንድ በአንድ ሲቆጠሩ ሁሉም «ከታወቁት» ወገን ይገባሉና፣ ቃላቱን መቶ በመቶ የሚያውቅ አንባቢም ታሪኩ አምልጦት ገጹን ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከመፍታት ሳይሆን ከመጠርጠር ነው።

መጠርጠር

ጥርጣሬ የሚያስነሱ ምልክቶች ጥቂት ናቸው፤ ግን ዓይን ከለመዳቸው ፈጥነው ይታያሉ።

አንደኛው፣ ቃል በቃል ሲወሰድ የማይሆን ነገር መኖሩ ነው። አንጀት አይበላም፣ ሐሞት መሬት ላይ አይፈስም፣ ሰማይ በሰው ላይ አይደፋም። ይህ ቀላሉ ነው።

ሁለተኛው ስሙ ራቁቱን መቆሙ ነው። አማርኛ ተሳቢውን ቃል በቃል ሲጠቀምበት ብዙ ጊዜ ባለቤቱን ያሳያል፣ «ን»ም ይጨምርበታል፦ እጁን ታጠበ፣ ፊቱን አዞረ፣ ጆሮውን አከከ። በፈሊጥ ግን ስሙ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ቅጥያ ከግሱ ጋር ይጣበቃል፦ እጅ ነሳ፣ ፊት ሰጠ፣ ልብ ገዛ፣ ነፍስ ዘራ፣ ደጅ ጠና። ሕጉ ሁልጊዜ አይሠራም፤ «ጨርቁን ጣለ» የሚለው «ን»ም አለው፣ ፈሊጥም ነው። ቢሆንም ራቁቱን የቆመ የአካል ክፍል ስም ሲታይ ንባቡን ቀነስ ማድረግ አያከስርም።

ሦስተኛው ምልክት ከሁሉ ይረቃል፦ የተጠቀሰው ነገር ከታሪኩ መጥፋቱ። ደራሲ አንድ ዕቃ ወይም ድርጊት በእውነት ካስገባ፣ ነገሩ በሚቀጥሉት መስመሮች ላይ ቅሪት ይተዋል። ቅሪት ካልተወ ነገሩ መጀመሪያም እዚያ አልነበረም ማለት ነው። ወደዚህ በኋላ እንመለሳለን።

ከፊትና ከኋላ

ለዚሁ ማብራሪያ የተሰናዳች አንድ አጭር ቅንጭብ እንይ።

«ልጁ በባዶ እግሩ ዝናቡ ላይ ቆሞ የያዛትን ቆሎ በላስቲክ ይጋርዳል። ብርሃኔ አይታ አለፈችው። ጥቂት ሄዳ አንጀቷን በላውና ተመለሰች። ከመቀነቷ የቋጠረቻትን ብር ፈታ ሰጠችው።»

ፈሊጡን የማያውቅ አንባቢ «በላ» በሚለው ግስ ይሳባል። መበላት ጉዳት ስለሚመስል «አናደዳት» ወይም «አመማት» ብሎ ይገምታል። ይህ ግምት ስንፍና አይደለም፤ ከቃሉ የተነሳ ነው። ስህተቱ ግን ከቃሉ አለመውጣቱ ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከፈሊጡ በፊት ሦስት ዓረፍተ ነገር ያህል ተመልሶ ምክንያቱን መፈለግ፤ ከፈሊጡ በኋላ ሦስት ያህል ሄዶ ውጤቱን ማየት፤ ከዚያ በሁለቱ መሐል የሚገባ አንድ ተራ ቃል መምረጥ። እዚህ ምክንያቱ ባዶ እግሩን በዝናብ የቆመ ልጅ ነው። ውጤቱ አልፋ የሄደች ሴት መመለሷና ገንዘብ መስጠቷ ነው። ተናዳ ቢሆን ትቆጣዋለች። ታማ ቢሆን ትቀመጣለች ወይም ድጋፍ ትይዛለች። «አሳዘናት» ሲገባ ግን ሁሉም ይገጥማል።

ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ ያቆማል፤ ማቆም ግን የለበትም። የገጠመውን ቃል ካስገቡ በኋላ ተቃራኒውንም አስገብቶ መሞከር ያስፈልጋል። «ጥቂት ሄዳ ጠላችውና ተመለሰች፤ ያላትን ብር ሰጠችው» ብንል ታሪኩ ይሰበራል። ስለዚህ ግምታችን የቆመ ነው። ተቃራኒውም እንደ ዋናው ያለ ችግር ከገባ፣ ዐውዱ ገና ምንም አልነገረንም ማለት ነው፤ ያገኘነው ፍቺ ሳይሆን ምኞታችን ነው። እንዲህ ሲሆን ጠርዙ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ማለፍና ፈሊጡ እስኪደገም ወይም ምዕራፉ እስኪያልቅ መጠበቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ሰዋስው። «በላው» የሚለው ግስ ባለቤቱ ልጁ ነው፤ በመጨረሻ ያለው «ው» ደግሞ አንጀቷን ያመለክታል። ስሜቱ ከታየው ወደ ተመልካቿ ነው የሚሄደው። «አንጀት የምትበላ ልጅ» የሚል ሌላ ቦታ ቢያጋጥም፣ ይህን የለየ አንባቢ ልጅቱ የምታሳዝን እንጂ የምታዝን አለመሆኗን ያውቃል። ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ ሳይለዩ ፈሊጥ ፈታሁ ማለት አይቻልም።

ማንም ያልተናገረው ንግግር

አማርኛ ብዙ ፈሊጥ የሚሠራው «አለ» እና «ብሎ» በሚሉት ነው። ልቦለድ ውስጥ ከሁሉ የሚያደናግሩትም እነዚህ ናቸው፤ ገጸ ባሕርይው የተናገረ ይመስላልና።

«ሰዉ ሁሉ ‹ልጅዎ ከከተማ መጣ ወይ?› እያለ ያስቆማቸዋል። ጋሽ በላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ወደ እርሻቸው ወረዱ።»

ጋሽ በላቸው ምንም አላሉም። እንደ ተናገሩ አድርጎ የሚያነብ ሰው «ዳባ ልበስ ያሉት ማንን ነው?» እያለ ያልነበረ ሰው ሊፈልግ ይችላል። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ለተባለው ነገር መልስ የሰጠ ወይም የደነገጠ ወይም የሳቀ ሰው አለ? ከሌለ «ብሎ» ንግግር ሳይሆን የሁኔታ መግለጫ ነው። ከዚያ ወደ ዋናው ግስ መሄድ። ሰዎች ይጠይቃሉ፣ እሳቸው ይወርዳሉ፤ ጥያቄው መልስ አላገኘም። እንዳልሰሙ መሆን፣ አለመስማትን መምረጥ ነው። ዳባ የቆዳ ልብስ መሆኑን ማወቅ ለፍቺው የግድ አይደለም፤ ካወቁት ግን ጆሮው ተሸፍኖ በዓይነ ኅሊና ይታያል።

«እግሬ አውጪኝ ብሎ ሮጠ»፣ «ጨርቄን ማቄን ሳይል ተነሣ»፣ «ዓይንህን ላፈር አለችው»፣ «ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው» ሁሉም በዚሁ ይፈተሻሉ። ሮጠ ከሚለው ሽሽት፣ ተነሣ ከሚለው ሰበብ አለመደርደርና አለማመንታት፣ ተወው ከሚለው ቂሙን ወይም ምስጢሩን በውስጥ መያዝ ይወጣል። «ዓይንህን ላፈር» ይለያል፤ አንዳንዴ በእርግጥ ፊት ለፊት ይባላል፣ አንዳንዴ ተራኪው እሷ እንዳልፈለገችው ለመግለጽ ብቻ ይጠቀምበታል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው የወንዱ ቀጣይ ድርጊት ነው።

የቋንቋችን አሠራር እዚህ ላይ ትልቅ ረዳት ነው። በአማርኛ ቦዝ አንቀጽ (ብሎ፣ ደፍቶ፣ ነክሳ፣ ጥለው) ከማሰሪያው አንቀጽ በፊት እየመጣ ድርጊቶችን በሰንሰለት ያያይዛል። ፈሊጡ በቦዝ አንቀጽ መልክ ከመጣ፣ የማሰሪያውን አንቀጽ ምክንያት ወይም ሁኔታ እየነገረን ነው። ስለዚህ ፍንጩ ብዙ ጊዜ ሩቅ አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። አማርኛ ልቦለድ የሚያነብ ሰው ፈሊጥ ላይ ሲደርስ ወዲያው ከማቆም ይልቅ እስከ አራት ነጥቡ ድረስ መሄድ ያለበት ለዚህ ነው።

«ለት» እና «በት»

በግስ ጫፍ ላይ የሚቀጠሉት «ለት/ላት/ላቸው» እና «በት/ባት/ባቸው» በትምህርት ቤት የሚገባቸው ቦታ አልተሰጣቸውም ብለን እናምናለን። ለማናውቀው ፈሊጥ አቅጣጫ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። በጥቅሉ «ለት» ወደ ጥቅም፣ «በት» ወደ ጉዳት ያዘነብላል። ቀን ወጣለት፣ እንጀራ ወጣላት ስንል ሰውየው ተሳካለት፣ ሴትዮዋ መተዳደሪያ አገኘች ማለት ነው። ሰማይ ተደፋበት፣ ቀን ጨለመበት ስንል መከራ መጣበት።

የዚህ ጉልበት በግልጽ የሚታየው «ጥርስ ነከሰ» ላይ ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ይቀመጡ፦

«አልማዝ ጥርሷን ነክሳ አራቱን ዓመት ጨረሰች።»
«አለቃው ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ጥርስ ነክሶባታል።»

በመጀመሪያው ጥርሱ የራሷ ነው፣ «ን» አለው፣ በማንም ላይ የሚያርፍ ነገር የለም፤ ትርጉሙ ችግርን ቻለች፣ ታገሠች ነው። በሁለተኛው ስሙ ራቁቱን ነው፣ ግሱ ላይ «ባት» አለ፤ ቂም ይዞባታል፣ ሊበቀላት ይጠብቃል። ስሙ አንድ፣ ግሱ አንድ፤ ልዩነቱ ያለው በሁለት ትንንሽ ቅጥያዎች ላይ ነው። እነዚህን ሳያይ የሚያልፍ አንባቢ አለቃውን ታጋሽ ሰው አድርጎ ምዕራፉን ይጨርሳል፤ አልማዝ በኋላ ከሥራ ስትባረር ታሪኩ ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል።

የሚያሳስትም ጎን አለው። «ያደገበት ቤት» ውስጥ ያለው «በት» ቦታ ነው እንጂ ጉዳት አይደለም። «ዓይኑን ጣለባት» ደግሞ መፈለግን፣ መመኘትን ይናገራል፤ ጉዳት ይሁን አይሁን የሚታወቀው ቀጥሎ በሚያደርገው ነው። ሽማግሌ ከላከ አንድ ነገር ነው፣ ከትምህርት ቤት ስትወጣ መንገድ ላይ እየጠበቀ ካስጨነቃት ሌላ።

«ነሳ»ም ከዚህ ጋር ይታያል። እንቅልፍ ነሳው፣ ዕረፍት ነሳት፣ ፊት ነሳቸው፤ በሁሉም መከልከል አለ። አንባቢው ይህን ሥርዓት ይዞ «እጅ ነሳ» ላይ ሲደርስ ነው የሚወድቀው። የሚያድነው መልሱን ማየት ነው። «እጅ ነሳች። ‹ይግቡ እንጂ፣ ምነው ቆሙ› አሏት ወይዘሮዋ።» ሰላምታ የተከለከለ ሰው እንዲህ አይመልስም። ከአንድ ግስ አምስት ፈሊጥ ማወቅ ስድስተኛውን ለመገመት ይረዳል፤ ግምቱን ማጽናት ያለበት ግን ታሪኩ ነው።

የአካል ክፍሎች ድርሻ

የአማርኛ ፈሊጥ ትልቁ ክፍል በሰው አካል ላይ የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ድርሻ ስላለው፣ ድርሻውን ማወቅ የፍለጋውን ሜዳ ያጠብባል። ሆድ የምስጢርና የመቻል ቦታ ነው፦ ሆደ ሰፊ ታጋሽ፣ ሆደ ባሻ ቶሎ የሚከፋው፣ ሆድና ጀርባ ሆኑ ተኳረፉ፣ ተለያዩ። አንጀት የርኅራኄና የእርካታ ነው፤ «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» የሚል ሰው የልቡ ደርሷል። ሐሞት ወኔ ነው፣ ስለዚህ ሐሞተ ቢስ ፈሪ ነው። ዓይን ብዙ ጊዜ ከእፍረት ጋር ይሄዳል፤ ዓይን አፋር የሚያፍር፣ ዓይን አውጣ እፍረት የሌለው። «ዓይን አውጣ»ን ጨካኝ ብለው የሚተረጉሙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት «ማውጣት» በሚለው ግስ ላይ ተተክለው ስለሚቀሩ ነው። ፊት ሞገስና ተቀባይነት ነው፦ ፊት ሰጠው፣ ፊት ነሳው።

ልብ ትኩረት ይፈልጋል። ከልጅነታቸው ጀምሮ በሌላ ቋንቋ ያነበቡ ልጆች፣ በተለይ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል ያደጉት፣ ልብ ሲባል መጀመሪያ ፍቅር ይታያቸዋል። በአማርኛ ፈሊጥ ውስጥ ግን ልብ አብዛኛውን ጊዜ ማስተዋል፣ አእምሮ ወይም ድፍረት ነው። ልብ አለ ማለት አስተዋለ፤ ልብ ገዛ ማለት ሰከነ፣ አስተዋይ ሆነ፤ ልበ ሙሉ ማለት የማይፈራ። «አሁን ልብ ገዝቷል» የሚለውን «አፍቃሪ ሆኗል» ብሎ የተረዳ ልጅ ገጸ ባሕርይው ለምን መጠጥ እንደተወ አይገባውም።

«ሆደ»፣ «ልበ»፣ «እጀ»፣ «አፈ»፣ «ደመ» ብለው የሚጀምሩት ጥምር ቃላት አብዛኞቹ ስለ ሰው ጠባይ ወይም ሁኔታ ይናገራሉ። ስለዚህ «ደመ ግቡ» የሚል ሲመጣ ስለ ደም መፍሰስ ሳይሆን ስለ ሰውየው የሚነገር ነገር መፈለግ ነው፤ ሲያዩት የሚወደድ፣ መልኩ የሚስብ ማለት ነው። «ደመ ነፍስ» ደግሞ ጠባይ አይደለም፣ ሳያስቡ የሚደረግን ነገር ይገልጻል። ድርሻው መንገድ ያሳያል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

ሁለቱም ትርጉም ሲያስኬድ

«ወንዙ ዳር ደርሶ ጨርቁን ጣለና ዘሎ ገባ።»
«ልጁ ከሞተ ወዲህ ጨርቁን ጥሎ በየገበያው ይዞራል።»

ቀደም ብለን ያነሣነው የቅሪት ፍተሻ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። የመጀመሪያውን ታሪክ ትንሽ ብንቀጥል ሰውየው ከወንዙ ወጥቶ ልብሱን ይለብሳል፣ ወይም ልብሱ ይሰረቃል፣ ወይም አሸዋ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። ጨርቁ በታሪኩ ውስጥ ይኖራል። በሁለተኛው ጨርቁን የሚያነሳው የለም፤ ተራኪው ስለ ልብስ ሳይሆን ስለ መታወክ፣ ስለ አእምሮ መሳት እየተናገረ ነው። በአንድ በኩል ሐዘን፣ በሌላ በኩል ዓላማ የለሽ መዞር ቆመው ይመሰክራሉ።

ጎበዝ ደራሲ ሁለቱን አንድ ላይ ያደርጋቸዋል። ያበደው ሰው በእርግጥም ልብሱን ጥሎ ሲሄድ እናቱ እየተከተለች ነጠላዋን ታለብሰዋለች ቢል፣ ፈሊጡም አለ፣ ቀጥተኛውም አለ። እንዲህ ባለ ቦታ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል የደራሲውን ሥራ ግማሽ ማጣት ነው።

ዐውድ የማይበቃበት

ዐውድ አቅጣጫ ይሰጣል፤ ልኩን ግን ሁልጊዜ አይሰጥም። ይህን ለማየት ባዶ ቦታ ያለው ቅንጭብ ይበቃል።

«ውጤቱ በተለጠፈበት ቀን ሰሎሞን ስሙን ከላይ እስከ ታች ፈለገ። አጣው። አጠገቡ የቆሙት ልጆች ተያዩ። ሰሎሞን …»

ኩም አለ፣ ቅስሙ ተሰበረ፣ ሐሞቱ ፈሰሰ፣ ተስፋ ቆረጠ፤ አራቱም ይገባሉ። ከመካከላቸው አንዱን የማያውቅ አንባቢ «አዘነ» ብሎ ያልፋል፤ አልተሳሳተም፣ ግን አልፈታውም። «ኩም አለ» የሚፈልገው የሚያይ ሰው ነው፤ በሌሎች ፊት በአንድ አፍታ ማፈርና መሸማቀቅ ነው፣ ልጆቹ የተያዩት ለዚህ ነው። «ቅስሙ ተሰበረ» ከባድ ምት ወይም የተደጋገመ ሽንፈት ይፈልጋል፤ ሦስተኛ ፈተናው ቢሆን ይስማማዋል፣ ስሜቱም ለሳምንታት ይቆያል። «ሐሞቱ ፈሰሰ» ሊያደርገው ያሰበ ነገር ለነበረው ሰው ነው፤ ሰሎሞን ውጤቱን ይዞ አጎቱን ሊጋፈጥ ቆርጦ ከነበረና አሁን ድፍረቱን ካጣ ቦታው ነው። «ተስፋ ቆረጠ» የሚታወቀው በማግስቱ ነው፤ እንደገና ካልተመዘገበ። ስለዚህ ልኩን የሚፈልግ አንባቢ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ማን አየ? ምን ያህል ቆየ? ከዚያ በኋላ ምን ሳይደረግ ቀረ?

ዐውዱ ያለበት ዓለም ራሱ ከአንባቢው ሲርቅም ችግር ነው። «ሦስት ወር ሙሉ ደጅ ጠና» የሚለውን የዛሬ ወጣት «በር ላይ ጠበቀ» ብሎ ይረዳዋል፤ ግምቱ ቅርብ ነው። በንጉሣዊው ሥርዓት ግን ደጅ መጥናት ሹመት፣ ርስት ወይም ፍርድ የሚፈልግ ሰው በባለሥልጣን ግቢ እየተመላለሰ፣ ሥንቁን እየጨረሰ፣ እስኪታይ ድረስ የሚሰነብትበት የታወቀ መንገድ ነበር። የገጠር መሬት የካቲት 25 ቀን 1967 በወጣው አዋጅ የሕዝብ ከሆነ በኋላ የርስቱ ሙግት ከኑሮ ወጣ፤ ቃሉ ግን በልቦለዱ ውስጥ ቀረ። ታሪኩ የሚፈጸምበትን ዘመን ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ለይቶ መያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። በዘመኑ የከተማ ልቦለድ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፤ «ነቄ»ን፣ «ፈታ በል»ን የማያውቁት አረጋውያን ናቸው፣ የሚጠየቀውም ወጣቱ ነው።

ከቃል ይልቅ በድርጊት የሚነገሩም አሉ። «ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች» የሚል ዓረፍተ ነገር ሞት መኖሩን ይነግረናል፤ በለቅሶ ጊዜ ነጠላ ጥበቡ ወደ ላይ፣ ወደ ትከሻ እንዲመጣ ሆኖ ይለበሳልና። «ከንፈሯን መጠጠች» ደግሞ ሐዘኔታ ነው። ባሕሉን በቤት ውስጥ ያላየ አንባቢ የልብስ አለባበስና የከንፈር እንቅስቃሴ ብቻ አንብቦ ያልፋል፤ ሟቹ ማን እንደሆነ ከሁለት ገጽ በኋላ ሲገለጽ ይደነግጣል፣ ደራሲው ግን አስቀድሞ ነግሮት ነበር።

መዝገበ ቃላትና አዋቂ

ዐውዱ አልበቃ ሲል ወደ መዝገበ ቃላት ይኬዳል፤ ግን ከገመቱ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም። ግምት የያዘ ሰው ከተሰጡት ፍቺዎች የትኛው ለታሪኩ እንደሚሆን ያውቃል። አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ በ1979 ያዘጋጁት የአማርኛ ፈሊጦች ስብስብ ለዚሁ ሥራ የተሰናዳ ነው። በ1962 የታተመውን የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት የሚከፍት ሰው ደግሞ ፊደሉ በ«ሀለሐመ» ሳይሆን በ«አበገደ» ተራ መደርደሩን ልብ ይበል፤ ይህን ሳያውቁ «የለም» ብለው የሚዘጉት ብዙዎች ናቸው። ፈሊጡን በአንድ ቃሉ ብቻ አለመፈለግም ይገባል። «ጆሮ ዳባ ልበስ»ን በጆሮም፣ በዳባም፣ በለበሰም ሥር ማየት ያስፈልጋል።

አባትን፣ እናትን ወይም አያትን ሲጠይቁ «ምን ማለት ነው?» ብቻ ማለት ብዙ አያስገኝም፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ ሌላ ፈሊጥ ነው። «እማማ፣ ይሄ ነገር ለምን ዓይነት ሰው ነው የሚባለው? መቼ? ሰውየው ቢሰማው ይቀየማል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የመጨረሻው ጥያቄ መዝገበ ቃላት ብዙ ጊዜ የማይጽፈውን ያወጣል። «አንገት ደፊ» ትሑት ሰውን የሚያወድስ ይመስላል፤ በሰው አፍ ግን ብዙ ጊዜ ጥርጣሬ አለበት፣ ዝም ብሎ ውስጥ ውስጡን የሚሠራ ሰው ማለት ይሆናል።

ለመምህራን፦ ጥያቄው ራሱ ዐውድ ይኑረው

«ከዐውዱ በመነሣት ፍቺ ስጡ» የሚል ትእዛዝ ከላይ፣ «የከበደ እጅ አመድ አፋሽ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ከሥር ማስቀመጥ ተማሪን መበደል ነው። ዐውድ የለም። የሚያውቀው ይመልሳል፣ የማያውቀው ይገምታል፤ የተለካው ችሎታ ሳይሆን ልጁ ያደገበት ቤት ነው። ኬት ኬይንና ባልደረቦቿ በ2005 እ.ኤ.አ. ዘጠኝ ዓመት ገደማ በሆናቸው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ላይ ባወጡት ጥናት፣ የሚያነቡትን በመረዳት ደካማ የሆኑት ከሌሎቹ ያነሱት ትርጉማቸው ከቃላቱ የማይገመት ፈሊጦችን በዐውድ መፍታት ላይ ነበር። ሊለማመዱት የሚገባው ይህ ነው፤ ለመለማመድ ግን ዐውዱ ሊሰጣቸው ይገባል።

ደህና ጥያቄ ከሦስት እስከ አምስት ዓረፍተ ነገር ይኖረዋል፤ ምክንያቱና ውጤቱ ሁለቱም በውስጡ ይገኛሉ። ለምሳሌ፦

«ዘነበች የእህቷን ልጆች ከራሷ ሳትለይ አሳደገች፣ አስተማረች። ዛሬ አንዳቸውም ደጇን አይረግጡም። ጭራሽ ‹ጉልበታችንን በላች› እያሉ ያሟታል። ‹ምን ላድርግ እትዬ፣ እጄ አመድ አፋሽ ነው› አለች ለጎረቤቷ።»

ምርጫዎቹ አራት ይሁኑ። ትክክለኛው «ደግ ሠርታ ምስጋና ያላገኘች» ነው። ከቀሩት አንዱ ቃል በቃል የወሰደው ይሁን፣ «ምድጃ ስታጸዳ የምትውል»፤ አንዱ ተቃራኒው፣ «ውለታዋ የተመለሰላት»፤ አንዱ ደግሞ በዙሪያው የሚያንዣብብ፣ «ድህነት የጠናባት»፤ አመድ ድህነትን ስለሚያስታውስ ብዙዎችን የሚስበው ይህ የመጨረሻው ነው። ተማሪው የትኛውን እንደመረጠ ሲታይ የወደቀበት ቦታም ይታያል። ቃል በቃል የወሰደው ገና አልጠረጠረም፤ ተቃራኒውን የመረጠው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ አንብቦ የልጆቹን ሐሜት ዘሏል፤ ድህነት ያለው ከቃሉ አልወጣም። ለሦስቱ የሚሰጠው እርማት የተለያየ ነው።

ጽሑፍ በሚጠይቅ ፈተና ላይ ደግሞ «አዘነች» ለሚል መልስ ሙሉ ነጥብ መስጠት አይገባም። ዘነበች ማዘኗ እውነት ነው፣ ግን ያ የዘነበች ስሜት እንጂ የፈሊጡ ፍቺ አይደለም። «ለሠራችው ደግነት ክፉ ተመለሰላት» ወይም «አልተመሰገነችም» የሚል፣ በራሱ ቃል የተጻፈ፣ ወደ ዓረፍተ ነገሩ ተመልሶ ሲገባ የሚገጥም መልስ ሙሉ ያገኛል። አቅጣጫውን አግኝቶ ልኩን ላጣ ግማሽ ይሰጠው፤ ከጎኑም ፍንጩ የነበረበት ዓረፍተ ነገር ይሰመርለት።